ስለት የያዘ ዘራፊ ሲያስቆማችሁ፦ መሣሪያውን ለመንጠቅ ከመሞከራችሁ በፊት የሚነበብ መመሪያ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንድ ብሎክ ሥር ባለች የንግድ ክፍል፣ ማታ ማታ ራስን የመከላከል ስፖርት አሠለጥናለሁ። ሠልጣኞቼ የቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ ግንበኛ፣ ፌሮ ሠሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ተማሪ። ለዓመታት ጩቤ መንጠቅ አስተምሬአለሁ። ጩቤው ከእንጨት የተሠራ ነው፣ መሬቱም ምንጣፍ ነው። አንዱ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፣ ሌላው አንጓውን ይዞ ይጠመዝዛል፣ ጩቤው ይወድቃል፣ ሁላችንም እናጨበጭባለን።

አንድ ፌሮ ሠሪ ተማሪዬ ይህንን ስድስት ወር ተማረ። አንድ ማታ ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለት ልጆች አስቆሙት። አንዱ ጩቤ አወጣ። ተማሪዬ እንዳስተማርኩት ያዘና ጠመዘዘ። እጁ ያረፈው ግን አንጓው ላይ ሳይሆን ስለቱ ላይ ነበር፤ ልጁም ጩቤውን ወደ ራሱ ሳበው። በሌላው ሳምንት እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣና መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። «ማስተር፣ ልጨብጥ ስል እነዚህ ሁለቱ አይታዘዙኝም» አለኝ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ቀጥ እንዳሉ ነበሩ። ስልኩን አልወሰዱበትም። ፌሮ የሚያስረው ግን በዚያ እጁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማስተምርበትን ቅደም ተከተል ለወጥኩ። አሁን የማስተምረው እንደሚከተለው ነው።

1. መጀመሪያ በማርከር ሞክሩት

እኔ ስላልኩ ብቻ አትመኑ፤ ራሳችሁ እዩት። አሮጌ ነጭ ቲሸርት ልበሱና ለጓደኛችሁ ቀይ ማርከር ስጡት። ለጓደኛችሁ የምትነግሩት ነገር ወሳኝ ነው። «እጅህን ዘርግተህ ና» አትበሉት። «በግራ እጅህ ኮሌታዬን ጨምድደህ ያዝ፣ በቀኝህ የቻልከውን ያህል ቶሎ ቶሎ ውጋ፣ ማርከሩን እስክነጥቅህ አታቁም» በሉት። አምስት ጊዜ ሞክሩ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከአምስት ሰከንድ አይብለጥ። ከዚያ ቲሸርቱን አውልቃችሁ ምልክቶቹን ቁጠሩ።

እኛ ክፍል ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናደርግ ጥቁር ቀበቶ ያለው ልጅ ነበር የወጣው። ማርከሩንም ነጠቀ። ቲሸርቱን ምንጣፉ ላይ ስንዘረጋው ግን ሆዱ ላይ አራት፣ ብብቱ ሥር ሁለት፣ እጅጌው ላይ ረጃጅም መስመሮች አገኘን። አንገቱ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። ክፍሉ ዝም አለ። ሁሉም የሚያየው ያቺን ነጥብ ነበር።

ልጁ ጉብዝና አንሶት አይደለም። ዓይን አይቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ሩብ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ እሱም ምን እንደሚመጣ አውቆ ለሚጠባበቅ ሰው ነው። በክንድ ርቀት ያለ ጩቤ ሆድ ለመድረስ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ ትግሉን የምትጀምሩት የመጀመሪያውን ውጊት ከተቀበላችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ደግሞ እውነተኛ ወጊ በሥልጠና ቤት እንደምናየው እጁን ዘርግቶ አይቆምላችሁም። እጁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ገባ ወጣ ይላል። የሰው አንጓ በደረቁም ለመያዝ ያስቸግራል፤ ላብና ደም ሲጨመርበት እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል።

ርቀቱም ያታልላል። የአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ ዴኒስ ቱለር በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ጩቤ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከ40 ገደማ፣ ለመሮጥ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ለመተኮስ የሚፈልገውም ይህንኑ ያህል ጊዜ ነው። 6 ሜትር ማለት በእኛ ሰፈር ከኮብልስቶኑ ወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ ማለት ነው። ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል ብላችሁ አትዘናጉ።

2. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሰርቪስ ለመያዝ ወይም ኪዳን ለማድረስ የምትወጡ፣ ማታ ከሽፍት የምትመለሱ፣ ለብቻችሁ አትውጡ፤ ጎረቤት ቀጥሩ። ሰው ያልገባባቸው ብሎኮች መካከል፣ የወንዝ ዳር አቋራጭና የባሕር ዛፍ ጥግ አሥር ደቂቃ ያሳጥራሉ፤ ዘራፊም የሚጠብቀው አሥር ደቂቃ ለማትረፍ የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ነው። በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ አትሰኩ። ጥቂት ብር ከሌላው ለይታችሁ በአንድ ኪስ ያዙ። አሁኑኑ ደግሞ ስልካችሁ ላይ *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልኩ እንደሚተካ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሲጠየቅ ለመስጠት አያቅማማም።

3. ሲያስቆሟችሁ፦ ዕቃችሁን ነው የሚፈልገው ወይስ እናንተን?

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ይህ ነው። ውሳኔው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ስለሚደረግ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ አስቡበት።

«ስልክ አምጣ!» የሚል ሰው እያናገራችሁ ነው። ጩቤውን የሚያሳያችሁ ሊያስፈራራበት ነው። ዋጋውን ጠርቷል፤ ዋጋው ስልኩ ነው። የዚህ ሰው ፍላጎት ቶሎ ወስዶ ቶሎ መጥፋት ነው፤ እናንተም የምትፈልጉት ቶሎ እንዲጠፋ ነው። እጁን ስትይዙት ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን እሱም የሚታገለው ላለመያዝ ነው። ሊያስፈራራበት ያመጣውን ጩቤ ለመጠቀም የሚገደደው በዚያች ቅጽበት ነው። የተማሪዬ ነገር ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው አይናገርም። ቂም ይዟል፣ ወይም ሰክሯል፣ ወይም ከዚህ በፊት ተጣልታችኋል። አንድ እጁን ከጭኑ ጀርባ ወይም ከጃኬቱ ሥር ደብቆ በቀጥታ ወደ እናንተ ይራመዳል። የተደበቀች እጅ ካያችሁ ጩቤ መሆኑን ለማረጋገጥ አትጠብቁ። ብዙ የተወጉ ሰዎች በቡጢ የተመቱ ነው የሚመስላቸው፤ ቆይቶ ልብሳቸው ሲረጥብ ነው የሚያውቁት። ከዚህ ሰው ጋር የሚሰጥ ነገር የለም፤ ወዲያውኑ መሸሽ ነው።

ሦስተኛው «ና ወደዚህ ግባ»፣ «መኪና ውስጥ ግቢ» የሚለው ነው። ከመንገዱ ወደ ጫካው፣ ወደ ጅምር ሕንፃው ወይም ወደ መኪናው ሊወስዳችሁ ነው። ሴት ሠልጣኞቼን ይህንን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፦ ዕቃ ፈላጊ ሌላ ቦታ መውሰድ አያስፈልገውም። ሰው ከማያይበት ቦታ ያለው አደጋ መንገዱ ላይ ካለው ይብሳል። መታገል ካለባችሁ እዚያው መንገዱ ላይ ታገሉ።

አንድ ሰው ብቻ ካያችሁ ሌላውን ፈልጉ። ማጅራት መቺ የሚለው ስም ራሱ ከየት እንደሚመታ ይናገራል። ሀንግ የሚያደርጉትም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ ከኋላ አንገት በክንዱ ያንቃል፣ ሌሎቹ ኪስ ይበረብራሉ። ሁለት እጃችሁን የፊተኛው ሰው አንጓ ላይ ስታውሉ ማጅራታችሁን ለኋለኛው ትታችሁለታል።

4. አሰጣጡ

ሁለት እጃችሁን መዳፋችሁን ከፍታችሁ ደረታችሁ ፊት ለፊት አድርጉ። ይህ ለሚያያችሁ ልመና ይመስላል፤ ለእናንተ ግን እጃችሁ በአንገታችሁና በጩቤው መካከል ነው ያለው። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብስቡ። ግማሽ እርምጃ፣ ከተቻለም አንድ እርምጃ ወደ ኋላና ወደ ጎን በሉ።

ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «እሺ ወንድሜ፣ ውሰድ፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላወጣልህ ነው።» እጅ ኪስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተናገሩ፤ እሱም ፈርቷል፣ እጃችሁ በድንገት ከገባ መሣሪያ ልታወጡ መስሎት ይቀድማችኋል። ዕቃውን በመዳፋችሁ አታቀብሉት፤ ሲቀበል አንጓችሁን ይይዛል። ወደ አንድ ጎን መሬት ላይ ጣሉለትና ወደ ሌላው ጎን ሽሹ። ለማንሳት ሲጎነበስ ለመምታት የሚያጓጓ ዕድል ይመስላል። ያንን ጊዜ ተጠቀሙበት፤ ለመምታት ሳይሆን ለመራቅ።

ሦስት ነገር አትበሉ። የመጀመሪያው «ሲሟን ብቻ መልስልኝ» ነው፤ ለምን ትቆያላችሁ? ሁለተኛው ስድብ ነው። ሦስተኛውና ነፍስ የሚያጠፋው «አውቅሃለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ» ነው። በሰፈራችን ሰው ይተዋወቃል፣ ይህ ቃል ከአፍ ማምለጡ አይገርምም። ዘራፊው ግን ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ የሚያስበው ስለ ስልኩ አይደለም፤ ስለሚመሰክርበት ሰው ነው። መልኩን፣ ጫማውን፣ የሄደበትን አቅጣጫ በልባችሁ ያዙ፤ ለፖሊስ ትናገሩታላችሁ።

ከሄደ በኋላ አትከተሉት። አባቶቻችን እልህ ምላጭ ያስውጣል ያሉት ለዚህ ነው። በደሙ ሙቀት ተከትሎ ሮጦ ጨለማ ጥግ ላይ ሦስት ሰው የጠበቀው አውቃለሁ።

5. ሩጫና ጩኸት

ሩጫችሁ ወደ ብርሃንና ወደ ሰው ይሁን፤ ወደ ጥበቃ እሳት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር፣ ወደ ባጃጅ ተራ። ወደ ወንዙ አትውረዱ። «የሰው ያለህ! ድረሱልኝ! ጩቤ ይዟል!» ብላችሁ ጩኹ። ጩቤ መያዙን መናገር የሚመጣውንም ሰው ያድናል፤ ባዶ እጁን ሮጦ እንዳይገባበት። ሕፃን ወይም አዛውንት አብሯችሁ ካለ ሩጫ አይሆንም፤ ስለዚህ ዕቃ መስጠቱን ከማንም በፊት አስቀድሙ።

6. ሽጉጥ ወይም ክላሽ ከሆነ

ዕቃ ጠያቂ ከሆነ ያው ነው፦ ስጡ፣ እጃችሁን አሳዩ፣ አትሩጡ፣ አትታገሉ። ጠብመንጃ ላይ ትግል ሲጀመር ጣቱ ምላጩ ላይ እንዳለ ትጎትቱታላችሁ፤ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ እሱም እናንተም አታውቁም። ክላሽ በደቂቃ 600 ጥይት ገደማ ይተፋል፣ በሰከንድ አሥር ማለት ነው። የቆርቆሮ አጥር ጥይት አያቆምም፣ የጭቃ ግድግዳም እምነት አይጣልበትም፤ ከጀርባው የተኛ ሰው አለ። ሰውየው መተኮስ ከጀመረ ግን ቁሙ አልልም፤ ሩጡና ወፍራም ኮንክሪት ወይም የመኪና ሞተር በሚገኝበት በኩል ተከለሉ።

7. ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ

ሰውየው እየወጋችሁ ነው፣ ወይም ሊወስዳችሁ ነው፣ መሸሻም የለም። አሁን ብቻ ነው እጃችሁን የምታነሱት። ስታነሱም መቁሰል እንዳለ ተቀብላችሁ ነው፤ ዓላማችሁ ቁስሉን ከአንገትና ከደረት ወደ ክንድ ማዞር ነው።

ከእጃችሁ በፊት ዕቃ አስገቡ። ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ብስክሌት፣ ክንድ ላይ የተጠቀለለ ጃኬት ወይም ጋቢ ሁሉም ከባዶ እጅ ይሻላሉ። የቆመ መኪና ካለ ዙሩት፤ ላዳን እየዞረ የሚያሳድድ ሰው በቀላሉ አይደርስባችሁም።

ከተያዛችሁ ጩቤውን አትመልከቱት፣ ስለቱንም አትጨብጡ። ሁለቱንም እጃችሁን በአንዱ ክንዱ ላይ አድርጉ፣ አንዱን ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ ሌላውን ክርኑ አጠገብ። ክንዱን ከደረታችሁ ጋር አጣብቃችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ አጥር ግፉት። አገጫችሁን ዝቅ አድርጉ። ጠምዝዤ አስጥለዋለሁ ብላችሁ አትዘግዩ፤ እጁ ከላላ ወይም እሱ ከተንገዳገደ ልቀቁና ሩጡ። ይህንን ልምምድ ስናደርግ አሁንም ማርከር ነው የምንጠቀመው፤ ቲሸርቱ ሁልጊዜ ምልክት አለበት። ምልክቱ ግን ከሆድ ወደ ክንድ ዞሯል። የሥልጠናው ጥቅም እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በላይ ቃል ገብቶ የሚያሠለጥናችሁ ካለ ማርከር ስጡትና ያሳያችሁ።

8. ጩቤው ከወደቀ በኋላ

አታንሱት። በእግራችሁ ወደ ሩቅ ምቱትና ሂዱ። አንደኛ፣ ጩኸታችሁን ሰምቶ የሚመጣ ሰው ወይም ፖሊስ የሚያየው ጩቤ የያዘ ሰው ነው፤ ማን ተጠቂ እንደሆነ በጨለማ አይለይም። ሁለተኛው ሕጉ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ሊደርስ ካለ ሕገ ወጥ ጥቃት የተከላከለን ሰው አይቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ደግሞ ልኩን ላለፈ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ልኩን ያለፈው በድንጋጤና በፍርሃት ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣውም ይችላል። ያ ግን የሚወሰነው እናንተ ተከሳሽ ሆናችሁ ችሎት ፊት ከቆማችሁ በኋላ ነው። ባዶ እጁን የቀረን ሰው በራሱ ጩቤ መውጋት መከላከል ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ከበው ሊደበድቡት ለሚመጡም «ለፖሊስ እንስጠው» በሉ።

9. ሰውነታችሁን ፈትሹ

ብርሃን ያለበት ቦታ ስትደርሱ አትቀመጡ፣ ቡና አትጠጡ። በእጃችሁ መዳፍ ከልብስ ሥር ዳብሱ፦ አንገት፣ ብብት፣ ጀርባ፣ ሆድ፣ ብሽሽት። መዳፋችሁን እያያችሁ። ሕመም ስለሌለ ቁስል የለም ማለት አይደለም።

ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ፣ በነጠላም ቢሆን፣ በሁለት እጅ ተጭናችሁ ያዙ፤ ለማየት ብላችሁ ቶሎ ቶሎ አትግለጡት። እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ ደሙ እየተረጨ ከሆነና በመጫን ካልቆመ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ እሰሩ። ቋጠሮው ውስጥ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙ። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪም እስኪፈታው አታላሉት። ሲባጎና ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል፤ አትጠቀሙበት። ገላ ውስጥ የቀረ ጩቤ አይነቀልም፤ ዙሪያውን ደግፋችሁ እንዳለ ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ 991። ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ አምቡላንስ የሚዘገይ ከመሰላችሁ በተገኘው ባጃጅ ወይም መኪና ሂዱ፤ አንዱ ግን መንገዱን ሁሉ ቁስሉን ተጭኖ ይያዝ።

ጤና ተቋም ስትደርሱ ስለ ቴታነስ መርፌ ጠይቁ። የሌላ ሰው ደም ቁስላችሁን ከነካ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ሲም ካርዱን አስዘጉ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውላችሁ፣ ለባንካችሁም አሳውቁ፤ ቤት ያስቀመጣችሁትን የስልክ መለያ ቁጥር ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።

እጃችሁ ወይም መዳፋችሁ ከተቆረጠ ደግሞ፣ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን፣ ሐኪሙ ቆዳውን ከመስፋቱ በፊት ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ለብቻው አጥፉና ዘርጉ። ጫፋቸውን በብዕር ክዳን ንኩ። አንዱ ካልታጠፈ ወይም ካልተሰማችሁ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል «ይህ ጣት አይታጠፍም» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ በዚያው ቀን የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ። ጅማት የሚጠገነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የእኔ ተማሪ የሄደባት ክሊኒክ ቆዳውን ብቻ ሰፍታ ሸኘችው። ጣቶቹን እንዲያጥፍ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም እብጠቱ ሲቀንስ ይመለሳል ብሎ ሳምንት ጠበቀ።